ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ

ገበያነሽ ቀዩን የሰንጠረዥ መጫወቻ ጨርቅ መደቡ ላይ ዘርግታ ሼህ ጀማሉዲንን ትጠብቃለች። ከቀንድ የተቀረጹት ጠጠሮች በባሏ በእንየው እጅ የለሰለሱ ናቸው። እንየው ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። ጣሊያን ደሴ ከገባ ሦስተኛው ክረምት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከባሏ የጨዋታ ባልንጀሮች ደጇን የሚረግጡት ሽማግሌው ሼህ ብቻ ናቸው።

እሳቸውም ሊሄዱ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው ልጃቸው ኡሙሰልማ «የደሴ ብርድ ጉልበትዎን ጨረሰው፣ እኔ ጋ ቆላ ይውረዱ» እያለች መልእክት ትልክባቸዋለች።

«አስተምሬሽ ነው የምሄድ» አሏት ለገበያነሽ። «ሳትችይው ብሄድ የእንየው ሰንጠረዥ እራፊ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል።»

ችግሩ መጀመሪያው ላይ ነበር። በሰንጠረዥ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም ባሻቸው ፍጥነት ጠጠራቸውን እያንቀሳቀሱ ያሰልፋሉ። ገበያነሽ ግን በሽማግሌ ፊት እጅ መስደድ ነውር ነው ተብላ ያደገች ናት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ቀና ስትል የሼሁ ፈረሶች ከንጉሧ ደጃፍ ደርሰዋል።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እርስዎ እስኪጨርሱ።»

«ወላሂ፣ እኔ የምጨርሰው አንቺን ነው!»

ሼሁ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ብቻዋን በሁለቱም ወገን ትጫወታለች። ብቻዋን ሆናም ትሸነፋለች። አንድ ቀን ተናዳ ጨርቁን ብታራግፈው አንድ እግረኛ የገባበት ጠፋ፤ እያለቀሰች ፈልጋ ስታጣው በምትኩ ባቄላ አቆመች።

ጎረቤቷ የኔነሽ በበሩ ብቅ ብላ አየቻት። «ኧረ አንቺ ሴት፣ ባቄላሽን ቀቅለሽ አትበይም? ከቀንድ ጋር ስታወሪ ልትውይ ነው?»

ገበያነሽ ባቄላዋን ወደፊት ገፋቻት።

መስከረም ጠባ። አንድ ረቡዕ ጧት፣ ሳታስበው፣ እጇ ቀደመ። ሼሁ ሲያሰልፉ እሷም አሰለፈች፤ የፈረሶቻቸውን መግቢያ ዘጋችው። ሽማግሌው ጭናቸውን መቱ።

«ማሻ አላህ! እንዲህ ነው እንጂ! በቃ፣ ቅዳሜ መኪና ካገኘሁ እወርዳለሁ።»

ጨዋታውን መቻሏ እሳቸውን እንደሚያስኬድ ያን ጊዜ ነው የገባት። ሌሊቱን አልተኛችም።

በማግስቱ ጠጠሮቹ ሲደረደሩ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ገበያነሽ።»

«አቤት።»

«ትናንት የቻለ እጅ ዛሬ አይረሳም።»

እጇን አላነሣችም። ሼሁም እጃቸውን ሰበሰቡ። ተራ በሌለበት ጨዋታ ሁለቱም ተቀምጠው ተጠባበቁ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የጭነት መኪና ከሩቅ ያጓራል።

«እኔም አልቸኩል» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ከፈለግሽ የሚመጣውንም ክረምት እዚሁ እከርማለሁ።»

ይህን ሲሉ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያሹ ነበር። ገበያነሽ ጉልበታቸውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ሰዳ አሰለፈች፤ እሳቸውም ተከተሏት። አንዱ ፈረሳቸው ሲቀርብላት ባቄላዋን አንሥታ ፈረሱን በላችበት።

«በላሁዎ፣ አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀና ብለው ግን አላዩዋትም።

ቅዳሜ ወረዱ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጨርቁን ዘረጋች፤ በሁለቱም ወገን ደረደረች። ባቄላዋን በእሳቸው በኩል አቆመቻት። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።