መብራት እስኪመጣ፦ ከሳሪስ አቃቂ

ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሳሪስ የተነሣሁት ስለ ወንድሜ ልጅ ስለ ሰናይት ለመለመን ነው። አብራኝ ነው የምትኖረው። አቃቂ በሚገኝ የዩኒፎርም መስፊያ ቤት ሦስት ወር ከሠራች በኋላ አሠሪዋ ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጣ ነገሯት። መብራት እየጠፋ ሥራ እንደሚቆም ስትነግረኝ ሰበብ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ንጋት የእኛም ቤት መብራት ስላልነበረ በሻማ ለባብሰን ወጣን።

ታክሲው በሰው ሃያ አምስት ብር ነው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ስንቅ የያዙ ሴቶች ወረዱና ቦታ ሰፋልን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የከባድ መኪና ነው፤ አቧራና ጭስ። ሰናይት በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች።

አቃቂ፣ አንድ ሰዓት ተኩል

በባጃጅ የድሮውን የባቡር ሐዲድ ተሻገርን። በወጣትነቴ እዚሁ ክር ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ፈረቃችን በሳይረን ይታወቅ ነበር፤ መግቢያችንንም መውጫችንንም እናውቃለን።

መስፊያ ቤቱ በር ላይ አራት ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከበሩ በላይ የተንጠለጠለውን አምፖል ያያሉ። ማብሪያው አይጠፋም፤ አምፖሉ ሲበራ ሥራ ይጀመራል። ፈረቃችሁ ከስንት ሰዓት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ዘቢባ የምትባለው ሳቀች።

«ማዘር፣ ፈረቃው የእኛ አይደለም፤ የመብራቱ ነው። ትናንት ልክ ልንሄድ ስንል መጣ፤ ሰላም ብሎን ሄደ።»

አሠሪው አቶ ሸምሱ ከስልጤ የመጡ ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር አወጡልኝ። ሰናይት ሰነፍ አለመሆኗን ማስረዳት ስጀምር አቋረጡኝ። የእጇ ሥራ ከሁሉም ይበልጥ የጸዳ ነው አሉ። በእግር የሚሠራ ማሽን የለም ወይ አልኳቸው። ለጠርዝ ስፌቱ አይሆንም አሉ፤ የጄኔሬተሩንም የነዳጅ ወጪ አልቻሉትም።

«እናቴ፣ መብራቱ የሚመጣው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ብደውልላት ከሳሪስ እስክትደርስ ተመልሶ ይጠፋል። የሰፈሩ ልጆች ሮጠው ይደርሳሉ። ጥፋቷ ሩቅ መኖሯ ብቻ ነው።»

ስለ ጠባይዋ ያዘጋጀሁት ንግግር አላስፈለገም።

ስድስት ሰዓት

ዘቢባ ከመስፊያ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው የኪራይ ክፍሏ ውስጥ ለአንድ ፍራሽ የሚሆን ቦታ እንዳላት ነገረችን። ሄደን አየነው። መስኮት የለውም፤ በሩ ሲከፈት ግን አምፖሉ ይታያል።

«እዚህ ልሁን፣ እትዬ» አለች ሰናይት፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

ከእኔ ጋር ሰባት ዓመት ኖራለች። እሺ አልኳት። ብርድ ልብሷን እንደምልክላትም ነገርኳት።

ባጃጅ ድረስ ልትሸኘኝ እጄን እንደያዘች አምፖሉ በራ። ሴቶቹ ከወንበሩ ተነሡ። እጄን ለቀቀችና ሮጠች። ወዲያው የማሽኖቹ ድምፅ ተሰማ። ባጃጅ ብቻዬን ፈለግሁ።

ሳሪስ፣ ዘጠኝ ሰዓት

የኤሌክትሪክ መስመር የገባለት ሰፈር ሥራም የገባለት ይመስለኝ ነበር። ሥራው ከመብራቱ ጋር መጥቶ ከመብራቱ ጋር እንደሚሄድ፣ ሰውም እሱን ተከትሎ ከቤቱ እንደሚወጣ ያየሁት ዛሬ ነው።

በሩን ስከፍት የእኛም መብራት መጥቷል። ጠዋት ማብሪያውን ሳናጠፋው ወጥተን ኖሮ የሰናይት ክፍል በቀን ቦግ ብሏል። ገብቼ ብርድ ልብሷን አጣጠፍኩና በአንሶላ ቋጠርኩት። ከዚያ መብራቱን አጠፋሁ።