እናቴ ተራዋ የደረሰ ቀን

ግቢውን በበረኪና ሳጥብ ሽታው እናቴን አመጣብኝ። ዛሬ በልጄ መዋለ ሕፃናት ተራዬ ነው።

እኔም ልጅ ሆኜ በዚሁ የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር መዋለ ሕፃናት ስውል ደንቡ ይኸው ነበር። እናቶች በየተራ ያጸዳሉ፣ ልጆቹን ይጠብቃሉ፤ ተራዋን ያሳለፈች በማግስቱ ልጇን ይዛ ከደጅ ትመለሳለች።

እናቴ ፈረንሳዮች ቤት ሠራተኛ ነበረች። ተራዋ ሲደርስ እመቤቷ «ልጄን ለማን ትተሽ?» ብትላት፣ ልጁን አዝላው መጣች።

በር የሚከፍቱልን አሮጊት፣ እትዬ ብርቄ፣ ሕፃኑን ትክ ብለው አዩት። «ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«የእመቤቴ። ተራው ግን የኔ ነው» አለች እናቴ።

«በይ ግቢ። እሱንም እጁን አስታጥቢው፤ እዚህ ሳይታጠብ የሚበላ የለም።»

ስልኬ ይጮኻል፤ ከምሠራበት ወደብ፣ አለቃዬ ነው። ይጩህ። ገና ግማሹ ግቢ ይቀረኛል።