በካፊኖኖ ያጣሁት ቃል

የዚያን ጊዜዋ ቦንጋ ትናፍቀኛለች። ባጃጅ ገና አልገባም፤ ከገበያ እስከ መሥሪያ ቤት በእግር ነው፣ በዚያ ጭቃ! ጫማችንን በፌስታል ጠቅልለን፣ ቦቲ አጥልቀን፣ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ላይ ቁልቁል እያዩን፣ እየተንሸራተትን ቢሮ እንገባለን። እኔ ታይፒስት ነበርኩ። አባቴ ከሰሜን ለሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ስለሆነ የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ነው። የአገሬውን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ ያስተማሩኝ የጎረቤት ልጆች ናቸው፣ ያውም ከስድብ ጀምረው። አማርኛ የማይችል ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር "እስቲ ያቺን አፈኛ ጥሯት" ይባላል። ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚናፍቀኝ የሻይ ቤቱ ክርክር ነው። ባለቤቷ፣ እትዬ እያልን የምንጠራቸው ሴትዮ፣ ፓስቲ እየጠበሱ ለሁሉም ነገር ፍርድ ይሰጣሉ። ኳስ ቢሆን፣ ግምገማ ላይ የተዋረደ ኃላፊ ቢሆን፣ የማን ሚስት ኮበለለች ቢሆን፣ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። ያን ሰሞን ግን ወሬው አንድ ብቻ ነበር። በገበያ ቀን ጠዋት አንድ ወጣት ግማሽ ጆንያ ቡና ተሸክሞ ሲሮጥ አንድ ሰው "ሌባ!" ብሎ ጮኸ። ፖሊስ "ቁም!" አለው፤ አልቆመም። ተኮሰበት፤ ልጁ እዚያው ሞተ።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። የታሪክ መምህሩ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እየመታ "ለግማሽ ጆንያ ቡና ነፍስ? ሮጦ መያዝ ሲቻል?" ይላል።

እትዬ ምን አፍ አላቸው! "የተሰረቀ ያውቀዋል! የኔ ሦስት ድስት ከነክዳኑ ነው የሄደው። አንተ ምን ጠፋብህ? ጠመኔ?"

ሳቅን። እኔም የእትዬ ወገን ነበርኩ። በዚያው ሳምንት ነጠላዬን ከነቀሚሱ ከገመድ ላይ ወስደውብኝ ደሜ ፈልቶ ነበር። "ንጹህ ቢሆን ለምን ይሮጣል?" አልኩ፣ ፓስቲዬን እየገመጥኩ።

ጭቅጭቁ ሲከር ሕዝቡ አዳራሽ ተሰበሰበ። የልጁ እናት ከከተማው ወጣ ካለች መንደር መጥተው ነበር። አማርኛ አይሰሙም፤ እንዳስተረጉምላቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስብሰባው ሳይጀመር የመጡበትን ነገሩኝ። ካሳ አልፈለጉም። ልጃቸው ሌባ እንዳልሆነ ሰዉ ፊት እንዲነገርላቸውና በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍላቸው ብቻ ነው። ታናናሾቹ "የሌባ ወንድም" እየተባሉ ትምህርት ቤት መሄድ ትተዋል። "እሺ እማማ" አልኳቸው፣ እንደ ዋዛ።

ከፖሊስ በኩል የመጣው ሰው ተነሥቶ በዚያ በቢሮ አማርኛ "በስርቆት የተጠረጠረው ግለሰብ ለማምለጥ ሲሞክር እርምጃ ተወስዶበታል" አለ። ዞር ብዬ መተርጎም ጀመርኩ። "የተጠረጠረው" ላይ ስደርስ ቃሉ ጠፋኝ። የጎረቤት ልጆች ይህን አላስተማሩኝም። "ሰረቀ ያሉት ልጅ" ማለት እኮ ይቻል ነበር፤ ሕፃን የሚለው ነገር ነው። ግን ሰዉ አፍ አፌን እያየ ነው፣ እኔም ሆዴ ውስጥ ፈርጄ ጨርሻለሁ። "ሌባው ሊያመልጥ ሲል ገደሉት" አልኳቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው።

አልጮኹም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና እጄን ያዙኝ።

"አይተሽዋል? እዚያ ነበርሽ?"

እንደዚያ አስረግጬ ስናገር የዓይን ምስክር መስያቸዋለሁ።

"ሲወድቅ እኔን ጠራኝ?" አሉኝ።

ወይ ጉዴ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "እማማ፣ አላየሁም" አልኩ። "ሮጠ ሲሉ ሰምቼ ነው።"

"መሮጡንማ ሮጧል። ዝናብ መጣበታ! ቡናው የደረቀ ነው፣ ከጓሯችን የለቀምነው። እንዳይረጥብበት ነው የሮጠው።"

እዚያው አገር ተወልጄ አድጌ! ሰማዩ ሲጠቁር የጎረቤቶቻችንን ስጥ ቡና ለማስገባት ስንቴ ሮጫለሁ፤ እየተጋፋን፣ እየሳቅን፣ የፈሰሰውን ከጭቃ እየለቀምን። ከልጅነቴ ደስ የሚለኝ ትዝታ እሱ ነው። ያን ቀን ጠዋት ዝናብ እንደነበረም አውቃለሁ፤ ቢሮ የገባሁት በስብሼ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም።

እናትየው እጄን አልለቀቁም። "ካላየሽ ታዲያ ምን አስቸኮለሽ፣ ልጄ?" አሉኝ።

ሰብሳቢው ትዕግሥቱ አልቆ "ምን እያሉ ነው?" ሲለኝ ተነሣሁ። የዝናቡን ነገር፣ የቡናውን ነገር፣ የታናናሾቹን ነገር አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ። እትዬ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው አቀረቀሩ። ከፖሊስ የመጣው ሰው ወረቀቱን ያገላብጣል። ሰብሳቢው "የሮጠው በዝናቡ ምክንያት መሆኑን እናትየው ማስረዳታቸው ይመዝገብ" አለ። ሌባ አልነበረም የሚል ግን አላስጻፈም። በማግስቱ ያንኑ በገዛ እጄ ታይፕ አደረግሁት።

ከስብሰባው ስንወጣ መምህሩ እንኳ ሳይቀር ጨብጦኝ "ጎሽ፣ ልብ የሚነካ ትርጉም ነው" አለኝ። ንግግሬን የጨረስኩት "ካላያችሁ ታዲያ ምን አስቸኮላችሁ ይላሉ" ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ያሉት "አስቸኮለሽ" ነው። የጠየቁት እኔን ብቻ ነበር።