በሉሲ ሠርግ ላይ የተነሳው ድሮን

አምሐ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ፎቶ ቤት አለው። በመታወቂያ ፎቶ ጀምሮ ነው ሠርግ ቀረጻ ውስጥ የገባው፤ ከሠፈሩ ሙሽሮች ብዙዎቹን የቀረጸው እሱ ነው። ድንጉጥ ሰው ነው። መኪና ሳይኖረው ትራፊክ ፖሊስ ያስደነግጠዋል እያለች ሚስቱ ቤተልሄም ትስቅበታለች።

ድሮኑን ያመጣለት ከዱባይ የተመለሰ የቤተልሄም ዘመድ ነው። "ከልብስ ጋር ቀላቅዬ ነው ያስገባሁት" ሲለው ደስታውም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጣበት። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ክልክል መሆኑን ያውቃል። ቁም ሳጥን ውስጥ ከብርድ ልብሶች ሥር ደበቀው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ዓይኑ ወደ ቁም ሳጥኑ ይሄድ ነበር።

ፈቃድ ለማውጣት ሞክሯል። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ሄዶ ወረፋ ይዞ ሲደርሰው፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት መጀመሪያ የጠየቀችው "ዕቃው እንዴት ገባ?" ብላ ነው። "ገና ልገዛ ነው" ብሏት ወጣ፤ ተመልሶም አልሄደም።

ሉሲ የጎረቤት ልጅ ናት። ልታገባ ስትል ፎቶ ቤቱ ድረስ መጣች።

"ጋሼ፣ ድሮን እንዳለህ ቤቲ ነግራኛለች። ለኔ ካላነሳኸው ለማን ልታነሳው ነው?"

"ፈቃድ የለኝም እኮ ሉሲዬ።"

"አንዴ ብቻ። ማን ያያል?"

ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ናትና እምቢ ማለት አቃተው።

የሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹ ለፎቶ ወደ መናፈሻው ሄዱ። በሩ ላይ ድሮን ማብረር ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። የመናፈሻው ጥበቃ ጀማል አምሐን ከብዙ ሠርግ ያውቀዋል። ቦርሳውን ከፍቶ አየና "ካሜራ ብቻ ነው?" አለው። አምሐ "ካሜራ ብቻ ነው" አለ። ድሮኑ በሙሽሮቹ መኪና፣ ቬሎው በመጣበት ካርቶን ውስጥ ነበር።

ከዛፎቹ ጀርባ ሆኖ አስነሳው። ጀማል መጣ አልመጣ እያለ ወደ በሩ ያያል። ግን ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲመጣለት ለትንሽ ጊዜ ፍርሃቱን ረሳው። ሣሩ፣ ቬሎው፣ የሚዜዎቹ ቀሚስ፣ ሁሉም ያምራል። ድሮኑን ትንሽ ዝቅ አደረገው።

ወዲያው ሰዎች ሲራወጡ አየ። መሐል ላይ ጥቁር የለበሱ ሴት ሁለቱን አበባ ያዥ ሕፃናት ጎትተው ሣሩ ላይ አስተኟቸውና ራሳቸው ከላያቸው ተደፉባቸው። ክንዳቸውን ዘርግተዋል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጀርባቸው ብቻ ነበር።

ሴትየዋ የሉሲ አክስት ወይዘሮ ካሳነሽ ናቸው። ባለፈው ዓመት መንደራቸው ከሰማይ በድሮን ሲመታ ትንሹን ልጃቸውን ቀብረው፣ በቅርቡ ነው ሸሽተው ወደ አዲስ አበባ የመጡት። አምሐ ይህን አያውቅም ነበር። ግን የተደፉት ድሮኑን ፈርተው መሆኑ ወዲያው ገባው። ሊያወርደው ሲጣደፍ ድሮኑ ቅርንጫፍ መትቶ ወደቀ። ድምፁ ከቆመ በኋላም ወይዘሮ ካሳነሽ አልተነሱም። "አትንቀሳቀሱ፣ ያያችኋል፣ አትንቀሳቀሱ" ይላሉ ለልጆቹ ቀስ ብለው። ሉሲ በቬሎዋ አጠገባቸው ተንበርክካ ታለቅሳለች።

ጀማል ከሁለት ፖሊሶች ጋር መጣ። "ካሜራ ብቻ ነው አላልከኝም?" አለው፤ አልተቆጣም፤ ቢቆጣው ለአምሐ ይሻለው ነበር።

ጣቢያ ውስጥ ደጋግመው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ "ማን ላከህ?" ሠርግ ነው ቢል የሚያምነው አላገኘም። ከእንግዲህ ልጆቼን አላያቸውም ብሎ አስቧል። በማግስቱ ቀረጻውን ከፍተው አዩት። ሠርጉን፣ ቬሎውን፣ ከዚያም ሣሩ ላይ የተደፉትን ሴት። መርማሪው መልሶ ዘጋው። አምሐ በዋስ ተለቀቀ፤ ድሮኑ ተወርሶ ቀረ።

ሳምንት ሳይሞላ ይቅርታ ሊጠይቅ ወይዘሮ ካሳነሽ ወዳረፉበት ቤት፣ ቤቴል ሠፈር ሄደ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ። እርስዎን ላስደነግጥ ብዬ አይደለም።"

"አውቃለሁ ልጄ። ተቀመጥ።" ሲቀመጥ በእጃቸው ወደ ሰማይ አመለከቱ። "ከዚያ ላይ ሰው ይታያል?"

"ይታያል።"

"ልጅ መሆኑም ይለያል?"

አምሐ መዋሸት ፈልጎ ነበር። እያዩት አልቻለም። "ይለያል እትዬ።"

ወይዘሮ ካሳነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሲያጽናኑኝ አይለይም ብለውኝ ነበር። እኔም አምኜ ነበር።"

አምሐ በሕይወቱ እንደዚያን ሰዓት ፈርቶ አያውቅም፤ ጣቢያም ቢሆን። ምን እንዳስፈራው ለቤተልሄም ሊነግራት ሞክሮ አልሆነለትም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ድሮን አልገዛም፤ የተወረሰውንም አልጠየቀም። ለሉሲ የተበላሸውን ፎቶ በቤተሰቦቿ ግቢ እንደገና አነሳላት። ወይዘሮ ካሳነሽም ነበሩ፤ ሁለቱን ሕፃናት ግራና ቀኝ ይዘው። ሌሎቹ ለፎቶ ሲስተካከሉ እሳቸው የልጆቹን እጅ አልለቀቁም። አምሐም ልቀቁ አላላቸውም፤ እንደያዙ አነሳቸው።