ሁለት ሽፈራዎች

ያን ቀን የሳቅሁት ሳቅ እስካሁን ይቆጨኛል። በሰው አገር፣ ዌሪቢ በሚባል ሰፈር መጋዘን ስሠራ፣ አለቃዬ እንደ እኔ አባት ሽፈራው የሚባል ሯጭ ወይም ዶክተር በዜና ባየ ቁጥር «ዘመድህ ነው?» ይለኝ ነበር። የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም እንደሌለን ማስረዳት ሰልችቶኝ ነበር።

አንድ ቀን ዳንኤል ሽፈራው የሚባል አዲስ ሠራተኛ ይዞ መጣና «ወንድምህን አመጣሁልህ!» አለኝ። ሳቅሁ። «ሽፈራው እኮ አገር ምድሩን የሞላ ስም ነው!»

ዳንኤል ግን አልሳቀም። «አባትህ ጅማ አስተምረዋል?» አለኝ።

«የሥራ ሺፍቴ አልቋል ወንድሜ፣ ባቡር እንዳያመልጠኝ» ብዬው ሄድኩ። ዳግመኛ አልጠየቀኝም፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ።

በዓመቱ የአባቴን መርዶ ሰምቼ ታርኔት ሰፈር ባለው ቤቴ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ዳንኤል መጣ። ከእንግዶቹ ጋር ወንበር ብሰጠው እንቢ አለኝ።

«ለቅሶ ልደርስ አይደለም የመጣሁት፤ አብሬህ ልቀመጥ ነው። የእኔም ወላጅ አባት ናቸው።»