ሁሉም የፈራው ቤት

ዛሬ አሰላ ላይ የጣለው ዝናብ የጓዳችንን ግድግዳ ናደው። ይህን የምጽፈው እናቴን ይዤ ከሸሸሁበት ከጎረቤታችን ከአዴ ዘይነባ ቤት ሆኜ ነው።

የሚገርመው፣ ያኔ ሰው ሁሉ የፈራው ይሄንን ቤት ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ማብቂያ ላይ የቤት ኪራይ ያማረራቸው የሰፈራችን ሰዎች ማኅበር መሥርተው፣ ያለ ትርፍ፣ በደቦ ቤቶች ሠሩ። የትኛው የማን እንደሆነ የሚታወቀው ሁሉም ካለቀ በኋላ በዕጣ ነው። ማንም በሰው ቤት ላይ እንዳይለግም ተብሎ!

ይሄኛው የጎርፍ መውረጃው ቦይ አፋፍ ላይ ነው። እናቴ "ለእኛ ቢወጣስ?" እያለች እንቅልፍ አጣች። በየማለዳው ተደብቃ ግድግዳው ላይ ጭቃ ትደርብበት ነበር።

ዕጣው ለአዴ ዘይነባ ወጣ። እናቴ እፎይ አለች።

ዛሬ ይህንን ስትነግራቸው አዴ ዘይነባ ሳቁ። "ወላሂ፣ እኔም ሰው ሲበተን ቀርቼ እደርብ ነበር። ባልሽንም እዚሁ አግኝቼዋለሁ፣ ድንጋይ ተሸክሞ!"

እናቴ የአባቴን ገና ዛሬ መስማቷ ነው።

ዝናቡ አላባራም፤ ቦዩ ያጓራል። ባጓራ ቁጥር ግድግዳውን በእጄ እነካለሁ። ጎረቤቶች ልጆቻቸውን አቅፈው እየገቡ ነው።

ማንም ያልፈራለት የእኛ ቤት ነው የፈረሰው።

እናንተስ፣ እንዲህ ሲሆን የምትሸሹት ማን ቤት ነው?