ሐጂ አደም የሸጡት ጠገራ

ጎባ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ የድሮ ጠገራ ብር እሰበስብ ነበር። ከሰብሳቢዎች መካከል የብድሬውን ሐጂ አደምን ያህል ያለው አልነበረም፤ የት እንደቀበሩት ግን ለልጆቻቸውም አልነገሩም።

አንድ የበጋ ገበያ ቀን ሮቤ ላይ፣ ሐጂ ሁሉንም ቁርበት ላይ ዘርግፈው ሲሸጡ አገኘኋቸው። የጠገራ ዋጋ እዚያው በግማሽ ወረደ።

«ሐጂ፣ የእኛንም እኮ አረከሱብን!» አልኳቸው ተናድጄ።

«ከእንግዲህ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?» ብለው አንዱን ሰጡኝ። በዚያ ፀሐይ እርጥብ አፈር ይዞ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

በሳምንቱ ልጃቸው ከብድሬ መጣ።

«ጋሼ፣ አባቴ ጠገራውን የት እንደቀበሩ ለእርስዎ ነግረውዎት ይሆን? ወላሂ፣ ግቢውን ቆፍረን ጨረስን።»

«ለምን ራሳቸውን አትጠይቃቸውም?»

ትክ ብሎ አየኝ።

«አባቴ ካረፉ እኮ ትናንት አርባ ቀናቸው ሞላ።»